ሁለት ዓይነት ባዶ

«ያጠፋሁት ስልክ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።» ቅሬታው ከዚህ አይረዝምም ነበር። ያቀረበችው በደንበኞች መዝገብ ላይ ለብዙ ዓመታት የሠራች ሠራተኛ ናት፤ መሥሪያ ቤቷ በሜይንፍሬም፣ ማለትም በትልቅ ማዕከላዊ ኮምፒውተር፣ ላይ የሚሠራውን የቆየ ፕሮግራም ወደ ድር አገልግሎት እየለወጠ፣ አዲሱን ቅጽ ከአሮጌው ፕሮግራም ጥቁር ስክሪን ጎን ለጎን ያሠራ ነበር። የደንበኛውን ሁለተኛ ስልክ ቁጥር ታጠፋለች፣ ታስቀምጣለች፣ መዝገቡን ደግማ ስትከፍት ግን ቁጥሩን እዚያው ታገኘዋለች። በጥቁሩ ስክሪን እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ልወጣውን የሚሠራው ቡድን ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። አዲሱ ፕሮግራም ባዶ ሆኖ የመጣን መስክ «አልተሞላም» ብሎ ስለሚያልፈው የድሮው ዋጋ ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ደንቡ ተገለበጠ፤ ባዶ የመጣ መስክ ሁሉ ከመዝገቡ ይጥፋ ተባለ። ስልክ ቁጥሩ መጥፋት ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን አድራሻ ብቻ ለመቀየር ያንኑ አገልግሎት የሚጠራ ሌላ መተግበሪያ የደንበኞችን ስልክ፣ ኢሜይልና የተጠሪ ስም እየጠረገ መሆኑ ታወቀ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ፣ የጠፋውን ከመጠባበቂያ ቅጂ መልሶ መልቀም ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

ወደ ሥራው የተጠራሁት በዚህ መካከል ነው። የተሰጠኝ ጥያቄ አንድ ነበር፦ አሮጌው ፕሮግራም ሁለቱንም ሳያበላሽ ያን ሁሉ ዓመት እንዴት ሠራ? መልሱን ካገኘሁ በኋላም ጉዳዩ ከአእምሮዬ አልወጣም። እዚያ የጠፋው ነገር አሮጌ ፕሮግራሞች በሚታደሱበት ሁሉ የሚጣል ነገር ነው፤ የሚጥሉትም ሰዎች እንደጣሉት አያውቁም።

## ተርሚናሉ የሚልከው

ነገሩን ከሥሩ፣ ውሃውን ከጥሩ ነውና ከማሽኑ ልነሣ። አይቢኤም 3270 የተባሉትን ተርሚናሎች፣ ከሜይንፍሬሙ ጋር የሚገናኙትን ስክሪንና ቁልፍ ሰሌዳዎች፣ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከእነርሱ ይበልጥ የተለመደው ስክሪን 24 መስመር በ80 ዓምድ፣ በድምሩ 1920 ፊደላት ይይዛል። የመገናኛው መስመር ዘገምተኛ፣ የማዕከላዊው ኮምፒውተር ጊዜም ውድ ስለነበር ንድፉ በአንድ ብልህ ውሳኔ ላይ ቆመ፦ ሰው ሲጽፍ፣ ሲሰርዝ፣ ከመስክ ወደ መስክ ሲዘል ሜይንፍሬሙ አንዳች አይሰማም። ሁሉም እዚያው ተርሚናሉ ዘንድ ያልቃል። መልእክት የሚነሣው ኢንተር ወይም ሌላ የመላኪያ ቁልፍ ሲጫን ነው፤ የሚይዘውም የተነኩትን መስኮች ብቻ ነው።

መስክ መነካቱ እንዴት ይታወቃል? እያንዳንዱ መስክ ከፊቱ አንድ የባሕርይ ባይት አለው። ይጻፍበታል ወይስ የተቆለፈ ነው፣ ቁጥር ብቻ ነው ወይ፣ ይታያል ወይስ ይደበቃል የሚለው እዚያ ተመዝግቧል። በዚያው ባይት ውስጥ አንዲት ቢት፣ የምትበራ ወይም የምትጠፋ ትንሽ ምልክት፣ አለች፤ ሰው በመስኩ ላይ አንድ ነገር ሲቀይር ተርሚናሉ ራሱ ያበራታል። መልእክቱ ሲነሣ ቢቷ የበራችለት መስክ ከነአድራሻው ይሄዳል፤ ያልበራችለት ጨርሶ አይሄድም።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ሦስተኛው ሁኔታ ነው። ሰው በመስኩ ያለውን ኢሬዝ ኢኦኤፍ በተባለው ቁልፍ ሲያጠፋ ተርሚናሉ ቦታውን በኑል፣ ማለትም በዜሮ ባይቶች ይሞላዋል፤ ቢቷንም ያበራታል። ኑል ደግሞ በመስመር ላይ አይላክም። ስለዚህ ወደ ሜይንፍሬሙ የሚደርሰው የመስኩ አድራሻ ብቻ ነው፤ ከኋላው አንድም ፊደል የለም። ያልተነካ መስክ ስለ ራሱ ምንም አይናገርም። የጠፋ መስክ ግን ባዶ መደረጉን አድራሻውን ልኮ ያሳውቃል። ይህን ንድፍ ያወጡት መሐንዲሶች የፈለጉት የመስመሩን ጭነት ማቅለል ነበር፤ በዚያው መንገድ የተጠቃሚውን ፈቃድ በትክክል የሚያደርስ ቋንቋ ሠሩ።

## የተዘለለችው ባይት

አሮጌው ፕሮግራም በኮቦል ቋንቋ የተጻፈበትን ጽሑፍ ይዤ የተቀመጥኩት ፕሮግራሙን ለረጅም ጊዜ ሲንከባከቡ ከኖሩ አንጋፋ ባለሙያ ጋር ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ በቀረበው በሲአይሲኤስ (የተርሚናሎችን ጥያቄ ተቀብሎ ፕሮግራሞችን በሚያሠራው የአይቢኤም ሥርዓት) ሥር የሚሠራ፣ ስክሪኑንም በቢኤምኤስ ካርታ (መስኮቹ በስክሪኑ ላይ የት እንዳሉ በሚገልጽ ንድፍ) የሚያነብ ነው። ቢኤምኤስ ለእያንዳንዱ የሚነበብ መስክ ሦስት ነገሮችን ለፕሮግራሙ ያቀርባል። በመስኩ ስም ላይ ኤል ሲጨመር ርዝመቱ፣ ኤፍ ሲጨመር የምልክት ባይቱ፣ አይ ሲጨመር ይዘቱ ይገኛል። «ሪሲቭ ማፕ» የሚለው ትእዛዝ ሲፈጸም ከተርሚናሉ የመጣው መልእክት ተፈትቶ በእነዚህ ውስጥ ይቀመጣል።

የልወጣ መሣሪያው ወደ አዲሱ ቋንቋ ያሻገረው ይዘቱን ብቻ ነበር። በአዲሱ ቋንቋ ጽሑፍ ሁሉ ርዝመቱን ራሱ ስለሚያውቅ ኤል ትርፍ መሰለ። ኤፍ ደግሞ የስክሪን ጣጣ ነው ተብሎ ከስክሪኑ ጋር ቀረ። አንጋፋው ባለሙያ ይህን ስነግራቸው መልስ አልሰጡኝም፤ ጽሑፉን ወደ እኔ አዙረው ጣታቸውን በአንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። እዚያ የተጻፈው እንዲህ ነበር፦ ርዝመቱ ከዜሮ ከበለጠ አዲሱን ዋጋ ውሰድ፤ ዜሮ ሆኖ የምልክት ባይቱ ሄክሳዴሲማል (በአሥራ ስድስት መሠረት ሲጻፍ) 80 ከሆነ በመዝገቡ ያለውን አጥፋ፤ ከሁለቱ አንዱም ካልሆነ አትንካ።

«እዚህ ሁለት ዓይነት ባዶ አለ» አሉኝ። «አንዱ ሰው ያልደረሰበት ነው፤ ሌላው ሰው ባዶ ያደረገው ነው። ይዘቱን ብቻ ካየህ ሁለቱም ኑል ናቸው።»

በዚህ ቦታ ላይ ብዙ ቆየሁ። ከቴክኒኩ ይልቅ የያዘኝ፣ ይህ መስመር ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ነበር። አሮጌ ፕሮግራም ሲታደስ የሚባለው የታወቀ ነው፤ የስክሪኑ ክፍል ገለባ፣ የሥራው ደንብ ደግሞ ፍሬ ነው፤ ፍሬውን ያዝና ገለባውን ጣል። እኔም ይህን አባባል በየስብሰባው ስሰማው ኖሬአለሁ። ግን «ደንበኛው ሁለተኛ ስልኬን ሰርዙልኝ ካለ ይሰረዝ፣ ስለ ስልኩ ምንም ካላለ አይነካ» የሚለው የሥራ ደንብ ካልሆነ ምንድን ነው? የመሥሪያ ቤቱ የማንኛውም መመሪያ ገጽ ላይ ሊጻፍ የሚገባ ደንብ ነው። የተጻፈው ግን ማንም የሥራ ደንብ ይኖርበታል ብሎ በማይጠረጥርበት ቦታ፣ ስክሪኑን በሚያነቡ ጥቂት መስመሮች መካከል ነው።

በወረቀት ቅጽ ላይ ሳይሞላ የታለፈን መስመርና በእስክሪብቶ የተሰረዘን መስመር ማንም አያምታታም። የመጀመሪያውን የሚያይ ጸሐፊ ይጠይቃል ወይም ያልፈዋል፤ ሁለተኛውን የሚያይ ይፈጽመዋል። 3270 ይህን ልዩነት ጠብቆ ነበር። የጠፋው ፕሮግራሙ ዘመናዊ በሆነበት ቀን ነው።

ልዩነቱ በስልክ ቁጥር ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል ነበር። በዚያው ስክሪን ላይ የብድር ጣሪያን የሚይዝ መስክ አለ። እዚያ ጣሪያው ካልተነካ የነበረው ይቀጥላል፣ ከጠፋ ደንበኛው የተወሰነለት ጣሪያ የለውም ማለት ነው፣ ዜሮ ከተጻፈ ደግሞ ሳንቲም መበደር አይችልም። እነዚህን ሦስት ውሳኔዎች በአንድ የቁጥር ተለዋዋጭ ውስጥ አስገብቶ ያልተሞላውን ሁሉ ዜሮ የሚያደርግ ፕሮግራም በሰው ኑሮ ላይ ይፈርዳል። በተጨማሪም ሰው ሁልጊዜ በኢሬዝ ኢኦኤፍ አያጠፋም፤ ብዙዎች በክፍተት ቁልፍ ጽሑፉን ይሸፍኑታል። ያኔ የሚላከው በኢቢሲዲክ፣ በሜይንፍሬሙ የፊደላት ኮድ፣ ሄክሳዴሲማል 40 የሆነው ክፍተት ነው፤ ርዝመቱም ከዜሮ ይበልጣል። አሮጌው ፕሮግራም ይህንንም ለብቻው ይፈትሽ ነበር፤ ሙሉ በሙሉ ክፍተት የሆነ መስክ እንደጠፋ ይቆጠራል። የሰውየው ፈቃድ አንድ ነው፣ የሚደርስበት መልክ ግን ሁለት ነው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሁለቱንም አውቀውላቸዋል።

የሚያስቆጨኝ፣ አዲሱ ዓለም ለዚህ ነገር ቋንቋ ያላጣ መሆኑ ነው። የድር አገልግሎቶች መረጃ በሚለዋወጡበት በጄሰን ቅርጽ ውስጥ የሌለ መስክ፣ ኑል (ዋጋ የለውም) የተባለ መስክና ባዶ ጽሑፍ የያዘ መስክ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 የወጣው አርኤፍሲ 7396 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ደግሞ ከፊል ማሻሻያ ሲላክ ያልተጠቀሰ መስክ እንዳለ እንዲቀር፣ ኑል ሆኖ የመጣ ግን እንዲወገድ በግልጽ ይደነግጋል። ከ3270 ደንብ ጋር ሳስተያየው መመሳሰሉ ያስገርመኛል። ችግሩ የሚገባው ከዚያ ቀጥሎ ነው። ጄሰኑን ለፕሮግራሙ የሚፈቱት ዝግጁ የኮድ ስብስቦች ብዙዎቹ፣ ካልተነገራቸው በቀር፣ የሌለውንም ኑል የሆነውንም አንድ ዓይነት ኑል አድርገው ያስቀምጣሉ። መልእክቱ ልዩነቱን ይዞ ይመጣል፣ በር ላይ ይወሰድበታል።

## ቁልፉና ሁለቱ ጸሐፊዎች

ይህን ካየሁ በኋላ የማንበቢያውን ክፍል በሙሉ በሌላ ዓይን መረመርኩት። ከተርሚናሉ በሚመጣው መልእክት መጀመሪያ ላይ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ የሚናገር ባይት አለ። ኢንተር፣ ክሊር፣ ፒኤፍ3፣ ፒኤ1 እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዋጋ አላቸው። ክሊር ወይም ከፒኤ ቁልፎች አንዱ ከተጫነ ተርሚናሉ የቁልፉን ባይት ብቻ ይልካል፤ ሰው ምንም ያህል ቢጽፍ የመስክ ይዘት አይከተልም። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራም ካርታውን ከማንበቡ በፊት ቁልፉን ይመለከታል። ቁልፉ «ተወው» ማለት ከሆነ የተጻፈውን ለማየት እንኳን አይሞክርም። በአዲሱ አገልግሎት ውስጥ ግን ይህ ሁሉ «ላክ» በሚል አንድ ጥሪ ተጠቃልሎ ነበር፤ መተው፣ ወደ ኋላ መመለስና ማጽደቅ የሚለዩት ቅጹን በሠራው ሰው ግምት ነው።

በካርታው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ የሚይዝ፣ ለማንም የማይታይ መስክ አለ። በልወጣው ሰነድ ላይ «ጥቅም የሌለው» ተብሎ ተመዝግቧል። ሰው ምንም ሳይነካ ኢንተር ሲጫን ወደ ሜይንፍሬሙ የሚደርስ መስክ አይኖርም፤ ያኔ ሪሲቭ ማፕ «ማፕፌይል» የሚለውን ስሕተት ያነሣል። የቆዩ ባለሙያዎች ይህን ለማስቀረት አንድ መስክ ቢቱ አስቀድሞ በርቶ እንዲላክ ያደርጉ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ነገር ተመልሶ ይመጣልና። ያ መስክ «አይቻለሁ፣ የምቀይረው የለም» የሚለውን የተጠቃሚ መልስ ሰላማዊ መልስ ያደርገው ነበር። በአዲሱ ቅጽ ላይ ምንም ሳይቀይር የሚያስቀምጥ ሰው የስሕተት መልእክት ይደርሰው እንደነበር ያየሁት ከዚህ በኋላ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነው። የሲአይሲኤስ ፕሮግራም ሰው እስኪጽፍ ተቀምጦ አይጠብቅም። ስክሪኑን ይልካል፣ ለራሱ ማስታወሻ ትቶ ይሰናበታል፤ ቁልፍ ሲጫን ሌላ ሥራ ተነሥቶ ካቆመበት ይቀጥላል። በመካከል ደቂቃዎች ሊያልፉ ይችላሉ። በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ሌላ ጸሐፊ ያንኑ ደንበኛ ከፍቶ ሊያስተካክል ይችላል። አሮጌው ፕሮግራም መልእክቱ ሲደርሰው መዝገቡን ለማሻሻል ቆልፎ እንደገና ያነበዋል፤ የሚለውጠውም የተነኩትን መስኮች ብቻ ነው። አንዱ አድራሻ፣ ሌላው ስልክ ቢያስተካክሉ የሁለቱም ሥራ ይቆማል። አዲሱ ቅጽ ግን ሲከፈት የነበረውን ሁሉ፣ የተነካውንም ያልተነካውንም፣ አንድ ላይ መልሶ ይልካል። ዘግይቶ ያስቀመጠው ሰው ያላየውን የባልደረባውን ሥራ በድሮው ዋጋ ይሸፍነዋል። ይህ ስሕተት ድምፅ የለውም፤ ማንም «ያጠፋሁት ተመለሰ» ብሎ አይከስም፣ ምክንያቱም የጻፈው ሰው ሥራውን ጨርሶ ሄዷል።

እርግጥ አሮጌው መንገድ ንጹሕ ነው አልልም። ሁለት ሰዎች አንዱን መስክ ቢነኩ የኋለኛው ያሸንፋል፤ ለዚያ የመዝገብ ቅጂ ቁጥር ወይም የጊዜ ማኅተም ያስፈልጋል። በተደበቁ መስኮች ውስጥ ዋጋ እየደበቁ ተመልሶ ሲመጣ ማመንም አደገኛ ልማድ ነበር፤ ተርሚናሉ በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ አስመሳይ ፕሮግራም ሲተካ የተደበቀ መስክ ሊታይና ሊለወጥ ይችላል። ስክሪኑን ከነመስመርና ዓምዱ እያነበቡ በላዩ ላይ አዲስ ቅጽ መደረብም እንደ ጊዜያዊ ድልድይ እንጂ እንደ መኖሪያ አላየውም። አንድ መለያ ጽሑፍ በሁለት ዓምድ ሲገፋ የሚፈርስ ነገር ነው። እኔ የምሟገትለት ስክሪኑ እንዲቀር አይደለም። ስክሪኑ ያስተላልፍ የነበረው ነገር ሁሉ በአዲሱ ስምምነት ውስጥ በስሙ እንዲጻፍ ነው።

## ያንኑ መልእክት ለሁለቱ

በመጨረሻ የሠራነው ይህን ነው። በአገልግሎቱ ስምምነት ውስጥ እያንዳንዱ መስክ ከሦስት ሁኔታዎች አንዱን ይዞ እንዲመጣ ተደረገ፦ ያልተነካ፣ የጠፋ፣ የተጻፈ። ድርጊቱም ማጽደቅ ወይም መተው ተብሎ ለብቻው ይላካል። ድረ ገጹ ሲከፈት የነበረውን ዋጋ ይይዝና ልዩነቱን ብቻ ይልካል። በኮድ ብዛት ሲታይ ትንሽ ለውጥ ነው። ጊዜ የወሰደው እያንዳንዱ መስክ ሲጠፋ ምን ማለት እንደሆነ ከባለቤቱ ክፍል ጋር ቁጭ ብሎ መወሰን ነበር። አንዳንዱ መስክ መጥፋት አይፈቀድለትም፤ አንዳንዱ ሲጠፋ ሌላ መስክም አብሮ መጥፋት አለበት። አሮጌው ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ግን የሚያውቀውን ለማንም አልተናገረም።

ለማረጋገጥ ከተርሚናሎቹ ወደ ሜይንፍሬሙ የሚሄዱትን መልእክቶች በሙከራ አካባቢ ቀዳን፣ ያንኑ መልእክት ለአሮጌውም ለአዲሱም ሰጠን፣ ከዚያ ሁለቱ በመዝገቡ ላይ የተዉትን አነጻጸርን። ይህን አሠራር ለማንኛውም ተመሳሳይ ሥራ አጥብቄ እመክራለሁ። ሰው ተቀምጦ የሚያስበው የሙከራ ዝርዝር ሰዎች በእርግጥ የሚሠሩትን አይደርስበትም፤ የተቀዳው መልእክት ግን የእጃቸውን ልማድ ሁሉ ይዟል።

ንጽጽሩ ከአንድ ነገር በቀር ተስማማ። በጥቂት መልእክቶች ላይ አዲሱ ፕሮግራም መስኩን ሲያጠፋ አሮጌው አላጠፋውም። ለጊዜው አዲሱን ጠረጠርን። ምክንያቱ የተገኘው በዚያችው የምልክት ባይት ውስጥ ነው። ካርታው የጠቋሚውን ቦታ እንዲያሳውቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለነበር፣ ጠቋሚው በመስኩ ውስጥ እያለ ኢንተር ከተጫነ ቢኤምኤስ በባይቱ ላይ 02 ያስቀምጣል። መስኩ ጠፍቶ ጠቋሚውም እዚያው ከቆየ ዋጋው 82 ይሆናል። አሮጌው ፕሮግራም የሚያወዳድረው ከ80 ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ መስኩን አጥፍቶ ወዲያው ኢንተር የሚጫን ሰው መጥፋቱ አይያዝለትም ነበር፤ ታብ ተጭኖ ወደ ሌላ መስክ ካለፈ በኋላ የሚልክ ሰው ግን ይያዝለታል።

ሠራተኞቹን ስንጠይቅ ልምድ ያላቸው ሁሉ ካጠፉ በኋላ ታብ ይጫናሉ። ማን እንዳስተማራቸው አያስታውሱም፤ አዲስ ሰው ሲመጣም «ካጠፋህ በኋላ ታብ ተጫን» ይሉታል። በቡድኑ ውስጥ አሮጌው የሠራውን ሁሉ እንዳለ እንድገመው የሚሉ ነበሩ፤ ክርክራቸውም ክብደት ነበረው፣ ልወጣ ማለት ባሕርይን ጠብቆ ማሻገር ነውና። እኔ የተሟገትኩት በተቃራኒው ነው። ሰውየው መስኩን አጥፍቷል፣ ተርሚናሉም መጥፋቱን በትክክል ልኳል፤ ያልሰማው ፕሮግራሙ ነው። በአዲሱ አገልግሎት 80ም 82ም እንደጠፋ እንዲቆጠሩ ተወሰነ። ለሠራተኞቹ ከዚህ በኋላ ታብ መጫን እንደማያስፈልግ ተጻፈላቸው፤ አንጋፋው ባለሙያም አሮጌው ፕሮግራም እስኪዘጋ ድረስ በቀረው ጊዜ እንዲያገለግል ያንኑ እርማት በኮቦሉ ላይ አስገቡ።